«ልዩ ልዩ»

በየመሥሪያ ቤቱ ከሁሉ የወፈረው ቦክስ ፋይል ጀርባ ላይ ምን ተጽፎ እንደሚገኝ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ልዩ ልዩ»። ከጎኑ ደግሞ «ልዩ ልዩ ቁጥር 2»። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ርዕስ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ከዚህ የከፋ ርዕስ ግን አልገጠመኝም። ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። የሚናገረው ወረቀቱ ሳይነበብ መቀመጡን ብቻ ነው።

የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ሲታሰብ ስለዚህ የሚጨነቅ የለም። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ የረከሰው ይገዛል። የረከሰው ቦክስ ፋይል ብዙ ሳይቆይ ቀለበቱ አልገጥም ይላል፤ ወረቀቱም ይፈሳል። የረከሰው አግራፍ ክረምት ሲፈራረቅበት ይዝግና ደብዳቤውን ይበላዋል። በስኮች የተጠገነ ሰነድማ አይነሳ! ፕላስቲኩ ይለቅና ቢጫ እድፉ ፊርማው ላይ ይቀራል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ካልተደረገ ኦዲተር እስኪመጣ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይጠብቃል። ይኼ ሁሉ በንብረት ክፍል «አላቂ ዕቃ» ተብሎ ይመዘገባል። አላቂነቱስ እውነት ነው፤ ይዞት የሚያልቀው ነገር ነው የሚያሳዝነው።

አባቶቻችን ለብራና መጽሐፋቸው የቆዳ ማኅደር ሰፍተው፣ ማንገቻ አበጅተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ማኅደር ማደሪያ ማለት ነው። ቃሉ ቢሮ ገብቶ «የግል ማኅደር» ሆኗል፤ የአንድ ሰው ሠላሳ ዓመት አገልግሎት የሚያድርበት ማለት ነው። ማደሪያው እንግዲህ ጎኑ የተቀደደ ካርቶን ነው።

ጥሩ ዕቃ ቢገዛም ግን ነገሩ አያልቅም። ዋናው ጣጣ ጀርባው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። «ኃይሉ» የሚባል ሰው እንውሰድ። አንዱ ጸሐፊ «ሀይሉ» ብሎ የመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው «ሐይሉ» ብሎ ከ«ለ» ቀጥሎ፤ ፊደል ጠንቅቄ አውቃለሁ የሚለው ደግሞ «ኃይሉ» ብሎ ከ«ቸ» ወዲያ ይወስደዋል። ኃይሉ አንድ ነው፣ ፋይሉ ሦስት ቦታ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲል የቅጥር ደብዳቤው በአንደኛው፣ የዕድገቱ በሁለተኛው፣ የዝውውሩ በሦስተኛው ይቀርና «ፋይልዎ የለም» ይባላል። ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ ለሚሉ ወገኖች ግሩም ማስረጃ እንዳቀበልኩ ይገባኛል፤ እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን አንድ አጻጻፍ መርጦ ያለመጽናት ነው።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። «98» ተብሎ የተጻፈ ፋይል የእኛ 1998 ነው ወይስ የፈረንጆቹ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ አገልግሎት ለሚቆጠርለት ሰው ቀላል አይደለም። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ለመጨመር ስንት ግራም ቀለም ይፈጃል?

መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ፋይሉን በስም ሳይሆን በቁጥር መደርደር፣ ከዚያም አንድ ባሕር መዝገብ ከፍቶ ስምና ቁጥሩን ማገናኘት። «ሀይሉ» ከሚለው ፊት «ኃይሉን ይመልከቱ» ብሎ መጻፍ። በአቃፊው ላይም የተከፈተበትን ቀን፣ ጉዳዩን በሦስት አራት ቃል ማስፈር። በኮምፒዩተር እንመዘግባለን የሚሉም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም፤ «ሀይሉ» ተብሎ የገባውን «ኃይሉ» ብለው ቢፈልጉት፣ ካላስተማሩት በቀር፣ ማሽኑም የለም ነው የሚለው።

እስከዚያው ግን በብዙ መዝገብ ቤት እውነተኛው ባሕር መዝገብ እትዬ እገሌ ናቸው። የትኛው ወረቀት «ልዩ ልዩ» ውስጥ እንደተወሸቀ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓመት ፈቃድ ወጥተው ከሆነ «ሲመለሱ ይምጡ» ይባላል። ጡረታ የወጡ ዕለት ግን ለባለጉዳዩ ምን እንደሚባል እንጃ፤ የእሳቸውም ፋይል እዚያው «ልዩ ልዩ» ውስጥ ሊሆን ይችላል።