«ጋንጃ እና ሄስ»፦ የደም ንግድና የጥበብ ሰው ዕጣ

በምሁራን መጽሔት ላይ ስለ ርካሽ የአስፈሪ ፊልም መጻፍ ምክንያት የሚያስጠይቅ መሆኑን አንዘነጋም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ከተሞች በተጎሳቆሉ ሲኒማ ቤቶችና ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በሚያይባቸው ሜዳዎች ይታዩ የነበሩት እነዚህ ሥራዎች ዓላማቸው አንድ ነበር፤ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ጊዜ ተሠርተው፣ ተመልካቹን በደምና በራቁት ገላ ስበው፣ ወጪያቸውን በብዙ እጥፍ መመለስ። አብዛኞቹ ከዚህ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም፤ እኛም የሌላቸውን ልንሰጣቸው አንሻም። ሆኖም ገበያው ለይዘት ደንታ ስላልነበረው፣ ደሙ በሰዓቱ እስከፈሰሰ ድረስ የቀረውን ብዙ ጊዜ ለአዘጋጁ ይተውለት ነበር። በዚያች ቀዳዳ የሾለኩ ጥቂት ሰዎች አሉ። ስለ ዌስ ክሬቨን «ዘ ላስት ሃውስ ኦን ዘ ሌፍት» (1972) እና ስለ ቶብ ሁፐር «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» (1974) ብዙ ተብሏል፤ የምንጨምረው የለንም። እኛን የሚያሳስበን ቢል ገን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት በ1973 ያወጣው «ጋንጃ እና ሄስ» ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከወጣው ከ«ብላኩላ» ነው። የርካሽ ፊልም ንግድን ጠንቅቆ የሚያውቀው አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ፣ የጥቁሩን ተመልካች ኪስ ለማግኘት የድራኩላን ተረት ጥቁር አድርጎ በዊሊያም ክሬይን አዘጋጅነት አሠራ። ለመሪነት የተመረጠው ተዋናይ ዊሊያም ማርሻል ግን በመድረክ ኦቴሎን የተጫወተ፣ ድምፁ እንደ ነጋሪት የሚያስተጋባ ሰው ነበር፤ ገጸ ባሕርዩ ታሪክና ክብር እንዲኖረው ተከራክሮ ልዑል ማሙዋልዴን አስገኘ። ማሙዋልዴ በ1780 የባሪያ ንግድ እንዲቆም ድጋፍ ለመጠየቅ ከአፍሪካ ወደ ድራኩላ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። መልሱ ንክሻ ነው። ድራኩላ ስሙን ነጥቆ ከራሱ ስም የተቀነጨበ የንቀት ስም ያወጣለታል፤ በሬሳ ሣጥን ቆልፎበት ሚስቱን ሉቫን አጠገቡ ከነነፍሷ ይዘጋባታል። ወደ ሁለት ምዕት ዓመት ገደማ ቆይቶ ሣጥኑ እንደ አሮጌ ዕቃ ተሽጦ ሎስ አንጀለስ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፖሊስ፣ ሩጫና ጩኸት ነው፤ ሣጥኑን በገዙት ሁለት ሰዎች ላይ የሚሰነዘረው ፌዝም ያሳፍራል። የመግቢያው ትዕይንት ግን ከአእምሮ አይጠፋም። ስሙን ተነጥቆ፣ እንደ ጭነት ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በማያውቀው ከተማ የነቃን ሰው ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ማን ያብራራልናል? (በእነዚያው ዓመታት በተማሪው ንቅናቄ አንደበት «ደም መጣጭ» የባላባቱና የከበርቴው ቅጽል እንደነበረ በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።)

«ብላኩላ» ትርፍ ሲያስገኝ ሌሎችም ተመኙ። ኬሊ ጆርዳን የተባለ ድርጅት 350,000 ዶላር መድቦ ያንኑ የመሰለ ፊልም እንዲሠራለት ቢል ገንን ቀጠረ። ገን «ዘ ላንድሎርድ» (1970) የተባለውን ፊልም ጽሑፍ ያዘጋጀ፣ በዚያው ዘመን በራሱ አዘጋጅነት የሠራውን «ስቶፕ» የተባለ ፊልም ደግሞ አሠሪው ኩባንያ ሳያሳይለት መደርደሪያ ላይ ያስቀረበት ሰው ነበር። ስለ ደም መጣጭ ፊልም ግድ አልነበረውም። ገንዘቡን ግን ተቀበለ፤ በቅኔ ቤታችን አነጋገር ሰሙን ለአሠሪዎቹ ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ አስቀረ።

የፊልሙ ዶክተር ሄስ ግሪን የከርሰ ምድር ቅርስና የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ነው። ሀብታም ነው፤ ሾፌርና አሽከር አለው፤ ሰፊ ቤቱ በአፍሪካ የጥበብ ሥራዎች ተሞልቷል። የሚያጠናው ሚርቲያ የተባለ፣ ደም ይጠጣ የነበረ ጥንታዊ የአፍሪካ ሕዝብ ነው። አእምሮው የታወከው ረዳቱ ጆርጅ ሜዳ (ገን ራሱ ይጫወተዋል) አንድ ሌሊት በዚያው ጥንታዊ ጩቤ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ወግቶት ራሱን ያጠፋል። ሄስ ግን ቁስል ሳይኖርበት ይነሣል፤ የሟቹን ደም ከወለሉ ላይ በምላሱ ይልሳል። ከዚህ በኋላ «ቫምፓየር» የሚለውን ቃል ብንጠብቅ አንሰማውም፤ የምናየው ሱሰኛን ነው። ከሕክምና ቤት ደም ይሰርቃል፤ ከድሆች ሰፈር ሴቶችን እየፈለገ ይገድላል። የተማረው፣ የተከበረውና የናጠጠው ጥቁር የሚመገበው ከማን እንደሆነ ገን ያለ አንዳች ስብከት ያሳየናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እንወዳለን። ሄስ በሚያጠናው ነገር የተወጋ ምሁር ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን የአባቶቹን ቅርስ በባዕድ ቋንቋ ሲገልጽ የኖረ፣ ቅርሱ ግን ሞቶ ያልቀረለት ሰው። በሎንዶን ወይም በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት በአገሩ ብራና ላይ ያጎነበሰ የአገራችን ተመራማሪ በሄስ ፊት ላይ የራሱን ድካም ሳያይ አይቀርም። ዱዌን ጆንስ ይህን ሚና የሚጫወተው በዝግታና በዝምታ ነው። እርሱ ያው በጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ተርፎ በማለዳ በሰዎች ጥይት የወደቀው ተዋናይ ነው።

ቅሬታችንንም አንደብቅም። ሚርቲያ የሚባል ሕዝብ በምድር ላይ አልነበረም። ሥልጣኔያችንን በመጻሕፍት ስናረጋግጥ ዕድሜያችንን ለፈጀን ሰዎች፣ የአፍሪካ ቅርስ ዳግመኛ የደም ጥማት ምንጭ ሆኖ መቅረቡ ይጎረብጣል። በላባ ያጌጠችው የሚርቲያ ንግሥት ሣር ሜዳውን አቋርጣ በዝማሬ ስትመጣ ምስሉ ያምራል፤ ውበቱ ግን ከቅሬታችን አያድነውም። ድምፁም በየቦታው ይደክማል፤ አንዳንዱ ትዕይንት ሁለቴ ታይቶም አይገባም፤ መካከሉ ይንቀራፈፋል።

አሠሪዎቹ ግን የተቆጡት በዚህ አልነበረም። የከፈሉት ለሰሙ ነበርና፣ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ብቻ ሲመጣባቸው ደነገጡ። ፊልሙ በ1973 በካን በሐያስያን ሳምንት ታይቶ ነበር፤ በኒውዮርክ ግን ገበያ ስላላገኘ ብዙም ሳይቆይ ተነሣና ለሌላ ድርጅት ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ከመቶ ደቂቃ በላይ የነበረውን ሥራ ወደ 78 ደቂቃ ቆራርጦ፣ ትዕይንቱን አዛውሮ፣ «ብለድ ካፕል» በሚል ስም ለዚያው ገበያ አቀረበው። ገን ስሙን አስፋቀ። በዚያው ዓመት ለኒውዮርክ ታይምስ በጻፈው ደብዳቤም ሥራውን በቅጡ ሳያዩ የፈረዱበትን ነጭ ሐያስያን ወቀሰ። ሙሉው ፊልም የተረፈው በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በተቀመጠ ቅጂ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ ጆንስ (1988) እና ገን (1989) አርፈው ነበር። በ2014 ስፓይክ ሊ ፊልሙን እንደገና ሠራው፤ የእርሱ ግን ጥላው ብቻ ነው።

በሰው ገንዘብ የራስን ነገር መሥራት ይቻላል ወይ? ከመካከላችን በባዕድ ድጎማ ጥናት ያልጻፈ ስንቱ ነውና ጥያቄው የገን ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኃይሌ ገሪማና ጓዶቹ መልሱን «አይቻልም» ብለው ነበር፤ ለጥቁሩ ተመልካች የተዘጋጀውን የሽጉጥና የደም ሲኒማ ነቅፈው በድህነታቸው የራሳቸውን መንገድ ጀመሩ። ኃይሌ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ይዞ ሲመጣ አከፋፋይ በማጣቱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየ፤ ፊልሙን መቁረጫ መቀስ የያዘ ሌላ እጅ ግን አልነበረም። ትክክለኛው መንገድ የኃይሌ ይመስለናል። ይሁን እንጂ የገንን ሥራ ባየን ቁጥር ፍርዳችን ይላላል፤ በዚያ ገበያ ባይገባ ኖሮ ይህ ፊልም ጭራሹኑ አይኖርም ነበር።

ሐያስያን ብዙ የሚጽፉት ስለ መጨረሻው የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት ነው። ሄስ፣ ሾፌሩ የሆነው ሰባኪ ሉተር በሚያገለግልበት ቤት ገብቶ በመዝሙሩ መካከል ይንበረከካል፤ ከዚያም በመስቀል ጥላ ሥር ሞቱን ይቀበላል። ሰባኪውን የሚጫወተው የሙዚቃው ደራሲ ሳም ዌይመን ነው፤ እውነተኛ ጉባኤ የገባን እስኪመስለን ድረስ ያዘምረዋል። ብዙዎች ፊልሙን እዚህ ላይ እንደ ንስሐ ታሪክ ይዘጉታል። የረዳቱ ሚስት ጋንጃ ግን አለች። ማርሊን ክላርክ የምትጫወታት ይህች ሴት ባሏን ፍለጋ መጥታ፣ ሬሳውን ምድር ቤት ቀዝቅዞ አግኝታ፣ ገዳዩ ነው ብላ የጠረጠረችውን ሄስን ያገባች ናት። ሄስ በመስቀሉ ሥር ሲተኛ እርሷ አብራው አትሞትም። ቤቱን ወርሳ ከመስኮት ትቆማለች፤ የገደለችው ወጣት ራቁቱን ከውኃ ወጥቶ ወደ እርሷ ሲሮጥ ታያለች፤ ፈገግ ትላለች።