የሚለየውና የሚያያይዘው መስመር

እኔ ሞያሌ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከተማችን በአንድ ስም ተጠርታ ለሁለት መንግሥት ታድራለች፤ እኩሌታዋ በኢትዮጵያ፥ እኩሌታዋ በኬንያ ነው። ከወዲያ ማዶ ካለው ከአጎቴ ልጅ ጋር በከብት ነገር ተኳርፌ ሦስት ዓመት ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ሰው ሲወቅሰኝም «ድንበሩ ለየን» እያልሁ አመካኝ ነበር።

ለጉዳይ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ የአፍሪካን አዳራሽ ጎበኘሁ። ይህ ቤት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ ነው። ከረዥም እድሳት በኋላ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። በውስጡ የአንኮበር ተወላጅ የነበሩት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል አለ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን፥ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ዘመን ያሳያል።

አስቀድሜ ከደጅ ሆኜ ባየሁት ጊዜ ጠቁሮ ስለ ታየኝ «ወሬው ከሥራው ይበልጣል» ብዬ ፈረድሁ። ገብቼ ብርሃን ከበስተ ጀርባው ሲመጣበት ግን በፍርዴ አፈርሁ። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚሠራው በውስጥ ላለ ሰው ነውና፥ በደጅ ቆሞ የሚፈርድበት ሁሉ ይሳሳታል።

ይሁን እንጂ ሁሉንም እኩል አላመሰግንም። የወደፊቱ ዘመን የተሣለበት ክፍል፥ ይኸውም ችቦ የያዘው ቤተ ሰብ ያለበት፥ እንደ ስብከት የተገለጠ ነው፤ ተመልካቹ አስቦ ሊደርስበት የሚገባውን ሠዓሊው ቀድመው ነግረው ጨርሰውታል። ከዚያ ይልቅ የመከራው ዘመን ልብ ይነካል፤ ኀዘኑን ቀለሙ ራሱ ይናገራልና።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ማንም የማያመሰግነው ጥቁር መስመር ነው። አንዱን ቁራጭ መስተዋት ከሌላው የሚለየው ይህ መስመር እርሳስ የሚባለው ማዕድን ነው። እርሱ ባይኖር ቀዩም ቢጫውም ወድቆ በተሰባበረ ነበር። ለካ አንዱ መስመር ይለያል፥ ያያይዛልም!

የአፍሪካ መሪዎች በሐምሌ ወር 1956 ዓ.ም. በካይሮ ተሰብስበው፥ አገሮች ነጻ ሲወጡ የነበራቸው ወሰን እንዲከበር ተስማምተዋል። እንግዲህ የሞያሌም መስመር ይኖራል። ነገር ግን እንደ ቢላዋ ይኖራል ወይስ እንደ እርሳስ? ይህን የሚወስነው በወዲያና በወዲህ የሚኖረው ሰው ጠባይ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከወንድምህ የለየህን ነገር ከመውቀስህ በፊት የገዛ ልብህን መርምር። እኔን የለየኝ ድንበሩ አልነበረም፤ ኵራቴ ነበር። አገሬ በገባሁ ማግሥት ተሻግሬ የአጎቴን ልጅ ደጅ መታሁ። እርሱም ስለ ከብቱ አንዳች ሳይናገር «ቡና አፍሉ» አለ።