ለስላሳ ሮቦትና የክረምት ጭቃ

የእንስሳትን አካል አብነት አድርገው ከላስቲክና ከመሰል ነገር ስለሚሠሩ ለስላሳ ሮቦቶች በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ተጽፏል። የጽሑፎቹም መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም መሣሪያዎቹ ሰው በማይደርስበት አስቸጋሪ ስፍራ ይገባሉ የሚል ነው። እኛም በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ይህን አባባል በሐዲያና በከምባታ ተዳፋት መሬት መዝነን ለማየት አስበናል።

በመጀመሪያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ባለ አራት እግር ሮቦት 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ክፍተት ሥር ተስቦ ዐልፏል፤ አየሩን ይቀበል የነበረው ግን ከውጭ በተቀጠለ ቱቦ ነው። በ2021 የቻይና ተመራማሪዎች ከጥልቅ ባሕር ዓሣ አብነት ወስደው የሠሩት ሮቦት በማሪያና ጉድጓድ በ10,900 ሜትር ጥልቀት ክንፉን አርገብግቧል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ በሌላ መሣሪያ ላይ ታስሮ ነበር፤ በነጻ የዋኘው በ3,224 ሜትር ነው። ክንፍ ማርገብገብና መዋኘት አንድ እንዳልሆኑ አንባቢ ልብ ሊል ይገባዋል።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት በተንሸራተተ ጊዜ፥ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች በተከታዩ ናዳ ራሳቸው ተቀበሩ፤ ከ200 በላይ ሰውም ሞተ። የቆፋሪው መሣሪያ አካፋና እጁ ነበር። በቁልቁለት ለሚኖር የከምባታ ገበሬ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እስካሁን ከተሠሩት መካከል ለፍርስራሽ ይበልጥ የሚቀርበው በ2017 በስታንፎርድ የታየው፥ እንደ ሐረግ ከጫፉ እያደገ እስከ 72 ሜትር የተዘረጋው ሮቦት ነው። በ2021ም ከጫፉ አየር እየነፋ በደረቅ አሸዋ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ነገር ግን ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር አሸዋ አይደለም፤ ክፍተት የለውም፥ ይጣበቃል፥ ይከብዳል። ስለዚህ በደረቅ አሸዋ የተገኘውን ውጤት ለጭቃ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይመስለንም።

ሌላው ነቀፌታችን ስለ አብነቱ ነው። እንሰት ያለው ገበሬ ሁሉ አሚቾውን የሚበላበትን ፍልፈል ያውቃል። የፍልፈል ሥጋ ለስላሳ ቢሆንም አፈሩን የሚቆርሰው በጠንካራ ጥርሱ ነው። የመሬት ትልም ገላውን በተራ እያቀጠነና እያሳጠረ ሲሄድ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥቃቅንና ጠንካራ ጠጉር አለው። እንግዲህ አፈርን ዘልቆ የሚሄደው ልስላሴ ብቻ ሳይሆን ከጥንካሬ ጋር የተባበረ ልስላሴ ነው። ልስላሴን ብቻ የሚያወድስ ጽሑፍ የእንስሳውን ግማሽ አይቶ ግማሹን የተወ ነው።

በሆሳዕናና በዱራሜ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ጉዳይ ለሌላ ሊተዉት አይገባም። የሙከራው ስፍራ ከደጃቸው ነው። በሐምሌ ጭቃ መሣሪያው ስንት ሜትር ገባ? ስንት ጊዜስ ተቀደደ? ሲተነፍስ የከተማው ጎሚስታ ሊለጥፈው ይችላልን? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ ድረስ «ለአስቸጋሪ ስፍራ» የሚለው ቃል ተስፋ እንጂ ውጤት ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም እንላለን።