«መቆጣጠሪያ» ምንን ይቆጣጠራል?
በተሽከርካሪ መሣሪያዎች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ይዞ በጣራ ገዳም በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀና የጭነት መኪና ሹፌር፣ በመኪናው ላይ «የፍጥነት መቆጣጠሪያ» እንዲገጠም ፈረመ እንበል። የተስማማው ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ነው ወይስ የቆመበትና ያደረበት ቦታ ሁሉ እንዲመዘገብ? ስያሜው አይነግረውም።

«ተቆጣጠረ» ከ«ቆጠረ» የወጣ ግሥ ሲሆን የተቆጣጣሪውን ሥልጣን እንጂ የመሣሪያውን አሠራር አያመለክትም። በዚህ ቃል ተጠቅልለው የሚጠሩት መሣሪያዎች ግን ተግባራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ፍጥነትን ያሳያል፣ ሌላው ይገድባል፣ ሦስተኛው ይመዘግባል፣ አራተኛው መኪናው ያለበትን ቦታ በሳተላይት እየተከታተለ ለባለንብረቱ ያስተላልፋል።

«ጥቁር ሣጥን» የሚለውም ስያሜ የተሻለ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ላይ አደጋ በደረሰ ጊዜ ቃሉ በዜና ማሰራጫዎች ተደጋግሞ ተሰምቷል። የአውሮፕላኑ ሣጥን ቀለሙ ብርቱካናማ መሆኑ ይቅርና፣ በመኪና ውስጥ የሚገኘው የግጭት መመዝገቢያ በአብዛኛው የሚይዘው በግጭቱ አካባቢ ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ይህን ከዕለት ውሎ መከታተያ ጋር በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው።

«የፍጥነት መለኪያ»ም ጥንቃቄ ይሻል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መሠረት በሹፌሩ ፊት ያለው ሰሌዳ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት አይችልም፤ ከፍጥነቱ አንድ ዐሥረኛና 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል አብልጦ ማሳየት ግን ይፈቀድለታል። በ80 የሚሄድ መኪና እስከ 92 ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ የሰሌዳውና የሳተላይቱ አኃዝ ቢለያዩ ሹፌሩ ዋሽቷል አያሰኝም።

ስለሆነም ሰሌዳው «ጠቋሚ»፣ ሌሎቹም እንደየተግባራቸው «መገደቢያ»፣ «መመዝገቢያ» እና «መከታተያ» እንዲባሉ፣ «መለኪያ» ደግሞ ለትራፊክ ፖሊስ ራዳር እንዲተው እንመክራለን። «መለኪያ» በሕዝብ አፍ የቆየ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በንግግር ይቆይ፣ በውልና በመመሪያ ግን አይበቃም። አንድ መሣሪያ ሁለት ሥራ ቢሠራም ሁለቱም ይጠሩ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሹፌሩ በእነዚህ ሊጠቀም የሚችለው የፈረመበት ወረቀት የመሣሪያውን ሥራ በስሙ ሲጠራለት ነው። ይህም የተርጓሚው ድርሻ ነው።