ወራጅ አለ

ቤቱን ያዘዙኝ ሰው ወተት ነጋዴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በፒካፕ ወተት ያወርዳሉ፤ ፒካፗ የምትጎትታት ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ደግሞ በመልስ ፉርሽካና ፋጉሎ ትሸከማለች። ቡራዩ ካለው ወርክሾፔ በር ላይ ቆመው፣ "ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቤን ይዤ ደብረ ሊባኖስ፣ ሲመቸኝም ወንጪ ማደር አምሮኛል። እዚህች ላይ መኝታ ሥራልኝ" አሉኝ። ለካሁ፣ በዋጋ ተከራከርን፣ ቀብድ ሰጡኝ። ሊሄዱ በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ዘወር ብለው፣ "ሰኞስ ፉርሽካዬን የት ልጭን ነው?" አሉ።

በያጅ ነኝ። እጄ የለመደው ማያያዝ ነው፤ በርን ከማጠፊያው፣ የውሃ ታንከር ማቆሚያን ከእግሩ፣ የአይሱዙን ካሶኒ ከሻንሲው። በልቤ የሣልኩት መኝታም ዙሪያውን ተበይዶ ከተጎታቿ ጋር የሚቀር ነበር። የሰውየው ጥያቄ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። በእኛ አገር አምስት ቀን ቆሞ ለሁለት ቀን ሽርሽር የሚጠበቅ ጎማ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤቱ እሑድ ማታ ግቢ ውስጥ በገዛ እግሩ መቆም፣ ተጎታቿም ከሥሩ ወጥታ ወደ እንጀራዋ መሄድ አለባት። ሶማሌ አርብቶ አደር ይህን ካወቀ ቆይቷል። አቃሉ ተፈትቶ በግመል ይጫናል፣ ሰፈር ሲደረስ ይወርዳል፤ ቤቱን ሴቶቹ መልሰው ይተክሉታል፣ ግመሉ ወደ ግጦሹ ይሄዳል። ግመል ቤት ተሸክሞ ሲያድር ማን አይቷል?

እኔ ዘንድ የሚሠራው ልጅ ድሮ የታክሲ ረዳት ነበር። ሥዕሉን አይቶ ሳቀና፣ "ጋሼ፣ ይሄማ ወራጅ ነው" አለ። ስሙም በዚያው ቀረ። ደንበኞች "ካራቫን" ይሉታል፤ እኛ ግን ክሪኩን ከማዞራችን በፊት ዛሬም "ወራጅ አለ!" እንላለን።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ የሚሠራበት ቋንቋ የቆየ ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቱቦላሬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮምፔንሳቶ፤ ጣሊያን ሲወጣ ጓዙን ሁሉ ይዞ አልወጣም። ቦታውም ለሥራው የተመቸ ነው። ሰበታ የጅማ መንገድ በር ናት፣ ቡራዩ የአምቦ፣ ሱሉልታ የጎጃም። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። ለእኔ ግን አሁንም ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ ጎማውን የሚያስነፋባቸው፣ የላላ ቡሎን የሚያስጠብቅባቸው ደጆች ናቸው። ከሰበታ ወደ ወጨጫ ቀና ቢሉ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በሱሉልታ አልፈው ቢሄዱ ደብረ ሊባኖስ።

ወደ ሥራው ልግባ። የኮምፔንሳቶ ሙሉ ገበታ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። እኔም ጎኑን አንድ ሙሉ ገበታ አደረግሁት፣ ስፋቱን 1.50 ሜትር። ከጎኑ ቁራጭ አይተርፍም። ወለሉን ትተን ግድግዳና ጣሪያው 13.3 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህን በ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብሸፍነው ልብሱ ብቻ 83 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ግን 29 ኪሎ። ላሜራ ርካሽ ነው፣ እጄም ለምዶታል። ነገር ግን ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። በእንጦጦ ዳገት ላይ 54 ኪሎ ልዩነት ማርሽ ያስቀይራል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ልጎትት የሚል ደንበኛም ብቅ ማለት ጀምሯል። እሱን መጀመሪያ የማስቀምጠው ከባትሪው ጋር ሒሳብ እንዲተሳሰብ ነው።

አሉሚኒየሙን በሪቬት መታሁት። ሙሉ ሳጥኑ ከነእግሩ 210 ኪሎ ግድም ወጣ።

እግሮቹ ላይ ብዙ ቀን ፈጀሁ። ሳጥኑ ሲወርድ እግሮቹ ከተጎታቿ ጎማዎች ውጭ መቆም አለባቸው፤ አለዚያ ከሥሩ አትወጣም። ስለዚህ ባለ 40 ቱቦላሬ በባለ 50 ቱቦላሬ ውስጥ እንደ መሳቢያ ወደ ጎን እንዲወጣ አደረግሁ። በወረቀት ላይ ልክክ ይላል። ሲሞከር ግን አንድ ክንድ ገብቶ ቀጥ አለ። ቱቦላሬ ፋብሪካ ውስጥ ከላሜራ ታጥፎ የሚበየድ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ርዝመቱን ሙሉ የሚሄድ ቀጭን ጅማት አለው፤ በዓይን አይታይም፣ ጣት ሲገባ ግን ይቧጥጣል። ያችን ጅማት በረጅም ሞረድ ሁለት ቀን ስንሞርድ ዋልን። ማንሻዎቹን ከሶማሌ ተራ ከተገዙ አሮጌ ክሪኮች ፈታናቸው። የክሪክ ቪቴ ጥርሱ ወፍራም ነው፣ ሸክም ይዞ ሲዞር አይበላም። አወራረዱ ሥርዓት አለው፦ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ እግር ሦስት ዙር፣ በሰያፍ ወደሚገኘው ማዕዘን፣ እንደገና ሦስት ዙር። ቸኩሎ አንዱን ማዕዘን ብቻ ያነሣ ሰው ሳጥኑን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል።

ይህን የማውቀው ስለተጠመዘዘብኝ ነው። በነሐሴ መጨረሻ እኔና ልጁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ለሙከራ አደርን። የእግሮቹ መርገጫ 8 በ8 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ነበር። ሳጥኑ ከእኛ ጋር 350 ኪሎ ቢሆን ለአንድ እግር 87 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህ በ64 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ዝናብ የጠገበ ዋልካ ይህን አይችልም። ሌሊት የበሩ ወገን እግር ቀስ እያለ ሰጠመ፣ ሳጥኑ ዘመመ፣ የበሩ መቃንም ተጣሞ መዝጊያውን ነክሶ ያዘ። ብንገፋ፣ ብንረግጥ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ከኋላ ለቡና ማፍያ ብዬ በሠራሁት ክዳን እየተሳብን ወጣን። ልጁ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ወራጅ ነን" አለ። ያን ጊዜ አላሳቀኝም።

አሁን መርገጫው 25 በ25 ነው፣ ሸክሙን አሥር እጥፍ ገደማ ይበትነዋል፤ በክረምት ከሥሩ ጣውላ ይጨመርበታል። የበሩን መቃንም ከማዕዘን አርቄ ወደ መሐል አመጣሁት። ከሁሉ በላይ ግን አራት ቦታ መያዝ ላይ ያለኝ እምነት ቀነሰ። ተጎታች በኮረኮንች ሲሄድ ሻንሲው ይተጣጠፋል፤ ሳጥኑን በአራቱም ማዕዘን በቡሎን ካሰርኩት እሱም አብሮ እንዲታጠፍ አስገደድሁት ማለት ነው፣ ሪቬቱም አንድ ባንድ ይለቃል። ስለዚህ ከኋላ በሁለት፣ ከፊት መሐል በአንድ፣ በሦስት ቦታ ብቻ አሳረፍኩት። ለምጣድ አራት ጉልቻ የሚያስቀምጥ የለም። በብረትና በብረት መሐል የገባው ትራስ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ነው፤ በረባሶ የሚሠሩት ሰዎች በሚቆርጡበት ቢላዋ፣ እነሱው ቆረጡልኝ።

ሚዛኑም አስተምሮኛል። የወተት ነጋዴው ባለቤት ማብሰያውን ከኋላ ስለፈለጉት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ እዚያው ደረደርን። ያ 80 ኪሎ ከአክስሉ ኋላ ሆኖ የፊቱን ወደ ላይ አነሣው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ተጎታቿ እንደ ዓሣ ጅራት መወዛወዝ ጀመረች። እንዲህ ሲሆን ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ ከነዳጁ እግርን አንሥቶ እንድትረጋ መተው ነው። ውሃውን ወደ ፊት አዛወርን፣ የመጎተቻውን አንገት በእህል ሚዛን መዘንን፤ ከጠቅላላው ሸክም አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ መንጠቆው ላይ ሲያርፍ መወዛወዙ ቆመ። ወደ ጎጃም መሻገር እንዳሰቡ ሲነግሩኝ ግን አልተስማማሁም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ የራሷ ፍሬን የሌላት ተጎታች ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ፒካፗን ከኋላ ስትገፋ ትወርዳለች። ተጎታቿ ፍሬን እስኪገጠምላት ድረስ አይሆንም አልኳቸው። ቅር አላቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን ማንንም አልሰማም። በኅዳርና በታኅሣሥ የሱሉልታ ውርጭ አጥንት ይገባል፤ ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከሰሉ ረመጥ ሆኖ ጭሱ ሲጠፋም መውጣቱን አያቆምም፤ ይህን በሚያህል ሳጥን ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ መዝጊያ የሌለው የአየር መውጫ አደርጋለሁ። የታችኛውን በአልጋው ሥር ደብቄዋለሁ፤ የሚታይ ቀዳዳ በጨርቅ መወተፉ አይቀርማ። ብርዱን ለመቀነስ በአሉሚኒየሙና በኮምፔንሳቶው መሐል ፎም ይገባል። ያለ ፎም የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ፊት ላይ ይንጠባጠባል።

"ሰፈር" የምንለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ድንኳን የተከሉበት ቦታ በየስማቸው ሰፈር ሆኖ ቀረ፣ ባለ እጆቹም ሠራተኛ ሰፈርን አገኙ። ድንኳን የነበረው ቤት ሆነ።

የእኔም ወራጅ እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው የክዳኑን ማጠፊያ ላጠብቅ ሱሉልታ ስሄድ ተጎታቿ ፉርሽካ ልትጭን ወጥታለች፤ ሳጥኑ ከበረቱ አጠገብ በአራት እግሩ ቆሟል፣ በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ትልቋ ልጅ ለፈተና እያጠናችበት ነበር። ከመስቀል ወዲህ ተጭኖ አያውቅም። "ለጥምቀት ይወጣል" አሉኝ ወተት ነጋዴው። ልጅቷ ከመጽሐፏ ቀና ብላ አየቻቸው። እኔ ቪቴዎቹን ግራሶ ቀባሁና ወደ ቡራዩ ተመለስኩ።