መስከረም በጨርጨር

መስከረም በጠባ ቁጥር ግጥም ይጻፋል። የሚያሳዝነው ግን ግጥሙ ሁሉ አንድ መልክ መያዙ ነው፤ አደይ አበባ ይነሣል፥ ክረምቱ ይሰናበታል፥ ቤት ይመታል፥ ያበቃል። በአሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ በምትባለው ከተማ፥ የሚማር ልጅም ግጥም ጻፍ ቢባል ይህንኑ ይደግማል። ከደጁ የቆመውን ማሽላ፥ በማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቀውን ባልንጀራውን፥ በገለምሶና በበዴሳ ሊቀላ የተቃረበውን የቡና ፍሬ ግን አያነሣም። የኦሮሞ ገበሬ ይህን ወራት «ቢራ» ብሎ እንደሚጠራው እያወቀ፥ ቃሉን ለግጥም አያበቃውም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ እኛ ያስተማርነው ሌላ ሰው ያየውን እንዲደግም ነው።

ስለዚህ ለመስከረም ንባብ ከግጥም መድበል ይልቅ ስድ ንባብ እመርጣለሁ። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት፥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ»ን የደረሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ነበር፤ መጽሐፉም «ኦቶባዮግራፊ» ተብሎ በ1999 ዓ.ም. ታተመ። ረዥም ነው፤ ራስን ማመስገንም አያጣውም። ሆኖም ጸሐፊው ያዩትን አገር በገዛ ዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። አንድ የጭሮ መምህር ስለ ጨርጨር የጻፉትን ካነበበ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ማሽላው ዳር ቢያወጣቸው፥ በዚያ ቀን የሚጽፉትን ግጥም ለማንበብ እጓጓለሁ።