የሌለ የጂን ቅጂ ምን ያህል ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. በ2011 በ«አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኔፍሮሎጂ» የታተመ አንድ ጥናት ስለ ኢትዮጵያውያን ኩላሊት ትልቅ ቃል ተናግሯል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአፖል-1 አደገኛ ቅጂዎች አለመኖር የኢትዮጵያን ሕዝብ ከኤችአይቪ ጋር ከሚመጣ የኩላሊት ሕመም ይጠብቃል» ማለት ነው። ሥራውን የመሩት መቀመጫቸውን በእስራኤሏ ሃይፋ ያደረጉት ዶሮን ቤሀርና ካርል ስኮሬኪ ናቸው፤ ከባልደረቦቻቸው መካከል የኢትዮጵያውያን ስሞችም አሉ። እኔ ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት ኮዬ ፈጬ ሆኜ ነው። እዚህ ሰፈር ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ታክሲ መያዣው አጠገብ ቆሞ፣ የታማሚውን ፎቶ በባነር ሰቅሎ፣ ለኩላሊት እጥበት «ወገን ድረሱልን» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ይህን እየሰሙ «የኢትዮጵያን ሕዝብ ይጠብቃል» የሚል ርዕስ ማንበብ ያስደነግጣል። ከምን ነው የሚጠብቀን? ማንንስ ነው የሚጠብቀው?

ለጥናቱ ፍትሕ ለመስጠት ከየት እንደተነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤችአይቪ ከታወቀ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የአሜሪካ ሐኪሞች የሕሙማኑን ኩላሊት በወራት ውስጥ የሚያወድም ሕመም መዘገቡ። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ለዓመታት ምክንያቱ ድህነት፣ ዘግይቶ መታከም፣ ደም ግፊት ነው ሲባል ቆየ። የሃይፋው ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የተለየ ነገር ይዞ ብቅ አለ፤ እስራኤል ውስጥ በሚኖሩ፣ ቫይረሱ በደማቸው ባለ ኢትዮጵያውያን ላይ ይህ ሕመም አልተገኘም። በአሜሪካ መዝገብ ኢትዮጵያዊም ናይጄሪያዊም «ጥቁር» ተብሎ በአንድ ሣጥን ይገባል። ኩላሊታቸው ግን አንድ ዓይነት ምላሽ አልሰጠም። ይህ ትዝብት ብቻውን የቆዳ ቀለም የሕክምና መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ይመሰክራል፤ የጥናቱ ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የጂኑ ፍለጋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠርጣሪው በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ኤምዋይኤች-9 ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ጥፋተኛው ጎረቤቱ አፖል-1 መሆኑ ታወቀ። በ2010 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣው የጄኖቬዜና የባልደረቦቹ ሥራ ጂ1 እና ጂ2 የተባሉ ሁለት ልውጥ ቅጂዎችን ለየ። ከሁለቱም ወላጆቹ ልውጥ ቅጂ የወረሰ ሰው በኩላሊት ማጣሪያ ላይ ጠባሳ የሚያወጣ አንድ ሕመም የሚይዘው ዕድል በ10 እጥፍ ገደማ፣ ከደም ግፊት ጋር የሚያያዝ የኩላሊት መድከም ዕድሉ ደግሞ በ7 እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል። ከአፍሪካ-አሜሪካውያን 13 ከመቶ ያህሉ ሁለት ልውጥ ቅጂ አላቸው። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ ጂ1 ብቻውን 40 ከመቶ ገደማ ነው። በቤሀርና ስኮሬኪ ቡድን በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን አንዱም አልተገኘም።

እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር ለምን በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፋ? መልሱ የእንቅልፍ በሽታ ነው። አፖል-1 የሚሠራው ፕሮቲን በደማችን ውስጥ ከደጉ ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ይዞራል። በፄፄ ዝንብ የሚተላለፈው ጥገኛ ተውሳክ፣ ከብቶቻችንን በገንዲ የሚጨርሰው ወገን፣ ይህን ፕሮቲን ሲውጠው ሆዱ ተበሳስቶ፣ አብጦ ይፈነዳል። በገንዲ ከብት እያለቀ እረኛው የሚተርፈውም በዚህ ምክንያት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ሮዴዚየንሴ የተባለው ዝርያ ግን ፕሮቲኑን የሚያስር መከላከያ አበጀ፤ ጂ1 እና ጂ2 በቤተ ሙከራ ሲታዩ ከዚህ እስር ያመለጡ ቅጂዎች ናቸው። አንድ ቅጂ የያዘ ከተውሳኩ ይጠበቃል፤ ሁለት የያዘ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። በኋላ በኡጋንዳ በተደረገ ጥናት ጂ2 ከሮዴዚየንሴ እንደሚከላከል በሰዎችም ላይ ታይቷል። ሮዴዚየንሴ ያለው በምሥራቅ፣ ልውጥ ቅጂዎቹ የበዙት በምዕራብ መሆኑ ግን እስካሁን የሚያከራክር እንቆቅልሽ ነው፤ የ2011ዱ ጥናት ይህን ጥያቄ ቢያንስ በአንድ አንቀጽ ሊነካው ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ማስረጃው ጥንካሬ ልምጣ። በ2011ዱ ሥራ ላይ በቅድሚያ የሚሰነዘረው ተቃውሞ የቫይረሱ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ የሚበዛው የኤችአይቪ ዓይነት ሲ ሲሆን በአሜሪካ የሚበዛው ቢ ነው፤ ታዲያ ኩላሊታችንን ያዳነው የልውጥ ቅጂዎቹ አለመኖር ሳይሆን የቫይረሱ ገራምነት ቢሆንስ? ይህ ተቃውሞ አይጸናም። በደቡብ አፍሪካም የሚበዛው ዓይነት ሲ ነው፤ ሕመሙ ግን እዚያ በብዛት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ልውጥ ቅጂ ያላቸው የቫይረሱ ተሸካሚዎች ይህ የኩላሊት ሕመም የሚይዛቸው ዕድል 89 እጥፍ ነው። ቫይረሱ አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ጂኑ ነው። በዚህ ረገድ የቤሀርና የስኮሬኪ መላምት ጊዜ ያጸናው ነው።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ራሱ ይህን የኩላሊት ሕመም ይከላከላል። መድኃኒት በወቅቱ በሚገኝበት አገር ከሚታከሙ ሰዎች በተነሣ ትዝብት፣ ከሕመሙ አለመኖር ውስጥ ስንቱ የጂን፣ ስንቱ የመድኃኒት እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። ከዚህም በላይ በኢትዮጵያውያኑ መካከል ቅጂው ያለበትና የሌለበት ሰው ስላልነበረ እርስ በርስ ማነጻጸር አልተቻለም፤ ንጽጽሩ ሁሉ ከሌላ ሕዝብ ጋር ነው። «አልተገኘም» እና «ይጠብቃል» መካከል ያለውን ርቀት ርዕሱ በአንድ እርምጃ ዘሎታል። «አልተገኘም» ቢል በቂ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምከራከረው ግን «የኢትዮጵያ ሕዝብ» በሚለው ነው። የስታቲስቲክስ ሊቃውንት የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ፤ 300 ክሮሞዞም ተመርምሮ አንድም ልውጥ ቅጂ ካልተገኘ፣ ትክክለኛው ድርሻ እስከ 1 ከመቶ ሊሆን ይችላል። ይህ 1 ከመቶ በአገር ደረጃ ከተበተነ ሁለት ቅጂ የሚይዘው ከ10,000 ሰው አንዱ ብቻ ስለሆነ አያስጨንቅም። በአንድ አካባቢ ከተከማቸ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ጋምቤላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንቅልፍ በሽታ ወረርሽኝ ተከስቷል፤ ከረጅም ዓመታት ዝምታ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ የአገራችን ክፍል እንደገና ታይቷል። ተውሳኩ ለዘመናት በኖረበት ቆላ የሚኖሩ ወገኖች የዘር ታሪክ ከደገኛው ጋር አንድ ነው ብሎ መነሣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የፓጋኒና የባልደረቦቹ ጥናት የኢትዮጵያውያን ዘረመል ከቋንቋ ቤተሰቦች ጋር ተያይዞ እንደሚለያይ፣ በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ትልቅ ድርሻ እንዳለ፣ በምዕራብ ጠረፍ ባሉት ዘንድ ግን ይህ ድርሻ እጅግ ትንሽ እንደሆነ አሳይቷል። በኮዬ ፈጬ አንድ ብሎክ ደረጃ ላይ የጎጃም፣ የወለጋ፣ የጋሞ፣ የጉራጌና የጋምቤላ ልጆች ይገናኛሉ። «ኢትዮጵያዊ ነህ፣ ልውጥ ቅጂው የለህም» ብሎ ሳይመረምር የሚያሰናብት ሐኪም፣ አሜሪካ «ጥቁር ነህ» ብላ የሠራችውን ስህተት በጠበበ ክበብ ይደግመዋል።

ሌላው አደጋ ርዕሱን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ነው። የአፖል-1 ልውጥ ቅጂ የሌለው ሰው ኩላሊት ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት፣ ከማጣሪያው ብግነት፣ ከኢንፌክሽን አይጠበቅም። በእጥበት ማሽን አልጋ ላይ የተኙት ወገኖቻችን ለዚህ ምስክር ናቸው። በየትኛውም ሕዝብ የሚገኙ ሌሎች የዘር የኩላሊት ሕመሞችም አሉ። ኩላሊትን በውሃ ከረጢት የሚሞላው ሕመም ከታመመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ለጋሹ የታማሚው ዘመድ እንዲሆን ተደርጎ ነው። እህት ለወንድሟ ኩላሊቷን ስትሰጥ እርሷም ያንኑ ጂን ይዛ እንዳይሆን መመርመር ግድ ነው። የእኛ ሰው የዘረመል ጥናት ሊሄድበት የሚገባው መንገድ ይህ ነበር፤ የ2011ዱ ሥራ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ አልገባም።

ዓለም በበኩሉ በአፖል-1 ላይ ገንዘቡን አፍስሷል። የአፍሪካ የኩላሊት ምርምር ኅብረት ሲቋቋም ኢትዮጵያም ከጋና፣ ከናይጄሪያና ከኬንያ ጋር ነበረችበት፤ ትልቁ ውጤት የወጣው ግን ከ8,355 ጋናውያንና ናይጄሪያውያን ነው። አንድ ልውጥ ቅጂ ብቻ መያዝም አደጋን እንደሚጨምር ያሳየ ጠቃሚ ሥራ ነው። ኢናክሳፕሊን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ2023 በታተመ አነስተኛ ሙከራ በ13 ሳምንት ውስጥ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን በአማካይ በ47.6 ከመቶ ቀንሷል። ለምዕራብ አፍሪካ ተስፋ ነው። ቅጂው ለሌለው ታማሚ ግን አይሠራም፤ የእኛ ታማሚ ሕመሙ ከምን እንደመጣ እስካልታወቀ ድረስ ከዚህ ወረፋ ውጭ ነው።

የኩላሊት አቅም መለኪያውም «ጥቁር» ከሚለው ሣጥን ጋር ይያያዛል። ከደም ክሬቲኒን የማጣራት አቅምን የሚገምተው የ2009 ቀመር ለ«ጥቁር» ሰው ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊም ኩላሊቱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይነበብለት ነበር። በ2021 ይህ ማባዣ ወጣ። በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የማጣራት አቅም በቀጥታ ተለክቶ ሲታይ፣ ክሬቲኒን ላይ የተመሠረተ ግምት ሕመሙን አሳንሶ እንደሚያሳይ ታውቋል። በምግቡ ሥጋ የማይበዛበት፣ ጡንቻው የቀነሰ ሰው ክሬቲኒኑ ዝቅ ስለሚል ውጤቱ «ደህና ነህ» ይለዋል።

ፍርዴ ይህ ነው፤ የ2011ዱ ጥናት ግኝቱ እውነት፣ ርዕሱ ግን ከግኝቱ በላይ ነው። የጎደለውን የሚሞላው ከጋምቤላ፣ ከጋሞ፣ ከአፋርና ከወሎ በየስሙ ተለይቶ ናሙና የሚሰበሰብበት፣ ታማሚዎቹ ፈቅደው የሚሳተፉበት የአገር ውስጥ ጥናት ነው። የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጠው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከኮዬ ፈጬ ብዙም አይርቅም፤ ከእጥበት ማዕከሎቹ ጋር ቢጣመር ሥራውን ለመጀመር ሃይፋን መጠበቅ አያሻም። እስከዚያው ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ከቤተሰባችሁ ሰው በኩላሊት የሞተባችሁ አንባቢዎች፣ ሳይዘገይ የሽንት ፕሮቲንና የደም ክሬቲኒን ምርመራ አድርጉ፤ በየዓመቱም ድገሙት።